ኩርባው ላይ ማን ነካ?

መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የተማረ ሁሉ የሚሸመድዳት አንዲት ሕግ አለች፤ ኩርባ ላይ ደርቦ መቅደም ክልክል ነው። የእኛ አገር ሾፌር ለፈተናው ያጠናታል፣ ፈተናውን ሲያልፍ ይረሳታል፤ በአዳማና በአሰላ መካከል ሲመላለስ የኖረ መንገደኛ ምስክር ነው። ሯጭ ግን ይህ ሕግ አያስረውም። ኩርባ ላይ መደረብም መቅደምም ይችላል። የተከለከለው በደረበ ጊዜ ጎኑ ያለውን ሰው መግፋት፣ መንገድ መዝጋት፣ ማደናቀፍ ነው። ሁለት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ወደ ውስጥ ሲታጠፉ ግን ገፊና ተገፊ በቀላሉ አይለይም።

እኔ ያደግሁት አርቦዬ ነው፤ የጀጁ ወረዳ ከተማ። እንደ አሰላና እንደ በቆጂ በሯጭ ስሟ ባይጠራም አርሲ ውስጥ ተወልዶ ሳይሮጥ ያደገ ልጅ የለም። የትምህርት ቤታችን ሜዳ የኖራ መስመር የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። የስፖርት መምህራችን በአራቱም ማዕዘን የባሕር ዛፍ ችካል ይተክሉና «ችካሉን በውጭ በኩል ዞራችሁ ኑ» ይሉናል። ቀጥታው ላይ ጠብ የለም። ጠብ ያለው ችካሉ ጋ ነው፤ ሁሉም ችካሉን ታክኮ መታጠፍ ይፈልጋላ። አንድ ቀን ከጎኔ ይሮጥ የነበረ ልጅ ውስጡን ሲይዝብኝ በክርኔ ደሰቅሁትና ከነችካሉ ወደቀ። መምህሩ ሲደርሱ እኔ ቀድሜ «ቲቸር፣ ገፋኝ!» አልኩ። ደሙ የሚወርደው ግን ከእሱ ጉልበት ነበር። መምህሩ የእሱን ጉልበት አዩ፣ የእኔን ፊት አዩ፣ ችካሉን መልሰው ተከሉና «ሁለታችሁም ድገሙት» ብለው ፈረዱ። ዓለም አቀፉ የሩጫ ሕግም በአንዳንድ ሁኔታ ውድድሩ ይደገም የሚል ሥልጣን ለዳኛ እንደሚሰጥ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ችካሉን መታከክ ለምን ያን ያህል እንደሚያጣላ ቁጥሩ ይናገራል። አንድ መም 1 ሜትር ከ22 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። ኩርባዎቹን በሁለተኛው መም የሚዞር ሯጭ በአንድ ዙር ከ7 ሜትር በላይ ትርፍ ይሮጣል። 10 ሺህ ሜትር ደግሞ 25 ዙር ነው። ስለዚህ ሁሉም ወደ ውስጥ ይሻማል። ውስጡን የያዘ ደግሞ ሌላ አደጋ አለበት፤ ከፊቱ ሰው፣ ከቀኙ ሰው፣ ከግራው የመሙ ጠርዝ ሆኖ ይታጠርና ጉልበት እያለው መውጫ ያጣል።

ምሩጽ ይፍጠር የገጠመው ይህ ነበር። ታሪኩን ከእሱ መጀመር ይገባል፤ ሕዝባችን ለሯጭ የመኪና ስም ያወጣው ለእሱ ነውና። ማርሽ ቀያሪው። ሐምሌ 25 ቀን 1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ የ5 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ይሮጣል፤ ከአምስት ቀን በፊት 10 ሺውን አሸንፏል። የመጨረሻው 300 ሜትር ላይ ሲደርሱ ምሩጽ ታጥሯል። ከፊቱ ያለው የራሱ ቡድን ሰው መሐመድ ከድር ነው። ከድር ወደ ጎን ገለል አለለት። በተከፈተችው ቀዳዳ ምሩጽ ወጣና ማርሹን ቀየረ፤ ታንዛኒያዊው ሱሌይማን ኛምቡዪ ተከትሎት ሁለተኛ ሆኖ ገባ።

ይህ ነገር አግባብ ነው ወይ የሚል አይጠፋም። እኔ ነው እላለሁ። ከድር ለወንድሙ የለቀቀው የራሱን ቦታ ነው፤ የሌላ ሰው መንገድ አልዘጋም። መልቀቅና መዝጋት ከሩቅ ቢመሳሰሉም ለየቅል ናቸው። ልዩነታቸውን ዓለም በደንብ ያየው ከ12 ዓመት በኋላ ባርሴሎና ላይ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ለአንድ አፍታ ወደ መኪናው ልመለስ፤ ወቅቱ በዚያም ሰፈር የኩርባ ጠብ የጋለበት ነበርና። በጥቅምት 1982 ጃፓን ሱዙካ ላይ በፎርሙላ ዋን የመኪና እሽቅድምድም አላን ፕሮስትና አየርተን ሴና፣ ያውም የአንድ ቡድን ሾፌሮች፣ ጠባብ ጥምዝ ላይ ተጋጩ። ሴና በውስጥ ሲገባ ፕሮስት አልለቅም አለ። ሴና ተነስቶ ውድድሩን ቢጨርስም ውጤቱ ተሰረዘበት፣ ሻምፒዮንነቱም የፕሮስት ሆነ። በዓመቱ እዚያው ሱዙካ፣ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ሁለቱ እንደገና ተጋጭተው ከውድድር ወጡ፤ አሁን ደግሞ ሻምፒዮኑ ሴና ነው። ሴና ሌላ ዓመት ቆይቶ ሆን ብሎ እንዳደረገው በራሱ አንደበት ተናገረ። ሯጭ እንዲህ ሲናዘዝ ሰምቼ አላውቅም። ምናልባት ብረት ስለሌለው ይሆናል፤ ሯጭ የሚያጋጨው ገላውን ነው።

ሐምሌ 27 ቀን 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ኦሊምፒክ፣ የወንዶች 10 ሺህ ሜትር። ከፊት የሞሮኮው ካሊድ ስካህና የኬንያው ሪቻርድ ቼሊሞ ብቻቸውን ወጥተዋል። ሦስት ዙር ያህል ሲቀር ሐሙ ቡታየብን ደረሱበት። ቡታየብ ሞሮኳዊ ነው፣ ሙሉ ዙር ተቀድሟል፤ ደንቡ መንገድ ለቅቆ ማሳለፍ ነበር። እሱ ግን መሪዎቹ መካከል ገብቶ ቼሊሞን ያስቸግር ጀመር። ሕዝቡ ጮኸ። አንድ ባለሥልጣን ከመሙ ዳር ተንደርድሮ ሊይዘው ሞከረ። በመጨረሻ ስካህ በአጨራረስ ቼሊሞን ቀደመና ወርቁን ወሰደ። በዚያው ምሽት ውጤቱ ተሰርዞ ወርቁ ለኬንያው ተሰጠ። በማግስቱ ይግባኙ ተሰማና ወርቁ ወደ ስካህ ተመለሰ፤ እሱ ራሱ ማንንም አልነካም ተብሎ። የእኛው አዲስ አበበ ሦስተኛ ነበር። ለአንድ ሌሊት ብር ላይ አድሮ ሲነጋ ወደ ነሐስ ወረደ ማለት ነው።

እዚያው ባርሴሎና፣ ከአራት ቀን በኋላ፣ የፍልሰታ ጾም በሚገባበት በነሐሴ 1፣ የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ጋር ለብቻቸው ወጡ። ሜየር ከፊት ናት፣ ደራርቱ ጥላዋ ሆናለች። ሜየር ወደ ውጭ ገለል እያለች «ነይ፣ አንቺም ምሪ» የሚል ምልክት ሰጠቻት። ደራርቱ አልወጣችም። የመጨረሻው ዙር ሲመጣ ግን በአንድ ጊዜ ጥላት ሄደች፤ 31:06.02፣ ለጥቁር አፍሪካዊት ሴት የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ። ሁለቱ ተቃቅፈው ስታዲየሙን ሲዞሩ ሁሉም አይቷል፤ ከዚያ በፊት የሆነችውን ያችን የእጅ ምልክት ግን ማን ያስታውሳታል? ሰው ከኋላ ተጠግቶ መሮጥ፣ ነፋሱን ሌላው እንዲመታው ማድረግ ነውር ነው ወይ? ሕጉ ስለዚህ አንድም ቃል የለውም። የሚመራው ግን ውስጡ ይበግናል። ሜየር ብግነቷን በሳቅና በመተቃቀፍ አሳለፈችው። ሁሉም እንደሷ አይደለም።

1985 ዓ.ም. ለኩርባ ጠብ የተፈጠረ ዓመት ይመስለኛል። በመስከረም ተጀመረ፣ በነሐሴ አለቀ፣ መጀመሪያውም መጨረሻውም ላይ ያለው አንድ የአሰላ ልጅ ነው።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴን መቼም ለአንባቢ ማስተዋወቅ አይጠበቅብኝም። አሰላ አካባቢ ከሚገኘው የገበሬ ቤታቸው ትምህርት ቤት ለመድረስ ለመሄድ 10፣ ለመመለስ 10 ኪሎ ሜትር እንደሮጠ፣ ደብተሩን በግራ እጁ ሸጉጦ ስለኖረ ግራ ክንዱ እስከ መጨረሻው ጎበጥ ብሎ እንደቀረ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ልብ ያላልነው ሌላ ነገር አለ። የመም ሩጫ ወደ ግራ እየታጠፉ ነው፤ ያ የደብተር ክንድ ሁልጊዜ የሚያርፈው በኩርባው ውስጠኛ ጎን፣ ሰው በሚሾልክበት በኩል ነው።

መስከረም 1985፣ ሴኡል፣ የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና፣ 10 ሺህ ሜትር። ኬንያዊው ጆሴፋት ማቹካ ሲመራ ኃይሌ እንደ ጥላ ተከተለው። ማቹካ ምራ ቢለው አይመራ፣ ጥሎት ሊሄድ ቢሞክር አይለቅ። በመጨረሻ ቀጥታው ላይ ኃይሌ ከጎኑ ብቅ ብሎ አለፈው። ማቹካ ያን ጊዜ በቡጢ ከኋላ መታው። መስመሩ ሊረገጥ ጥቂት ሜትር ሲቀር፣ ሁለት ወጣቶች ሞታቸውን እየሮጡ፣ አንደኛው ሌላውን በቡጢ! ኃይሌ አልወደቀም፤ አንደኛ ሆኖ ገባ። ማቹካ ከውጤት ተሰረዘ። ከዚህ የበለጠ ቀላል ፍርድ በሩጫ ታሪክ አይገኝም። ቡጢ ኩርባ አያሻማም።

በዚያው ዓመት ማብቂያ፣ ነሐሴ 16፣ ጀርመን ሽቱትጋርት ላይ የሆነው ግን እስከ ዛሬ ያስቸግረኛል። የዓለም ሻምፒዮና የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ነው። የኬንያው ሞሰስ ታኑይ የወቅቱ ሻምፒዮን ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት ቶኪዮ ላይ አሸንፏል። ከፊት የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ታኑይ ይመራል፣ የ20 ዓመቱ ኃይሌ ተረከዙ ላይ ተለጥፏል። ተለጥፏል የምለው ለአነጋገር አይደለም፤ ደጋግሞ ነክቶታል። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል የኃይሌ እግር የታኑይን ተረከዝ ረገጠ፤ ጫማው ወለቀ። ታኑይ ግማሽ የወለቀውን ጫማ በሩጫ ላይ ከእግሩ አሽቀንጥሮ ጣለና በአንድ እግር ጫማ ብቻ ተፈተለከ። በንዴት ነው የሮጠው። አሥር ሜትር ያህል ራቀ። ያለቀ መሰለ። የመጨረሻው ኩርባ ላይ ግን ኃይሌ ቀስ በቀስ ቀረበው፣ ቀጥታው ላይ ደረሰበት፣ አለፈው። 27:46.02 ለ 27:46.54። ልዩነቱ ከግማሽ ሰከንድ እምብዛም አያልፍም። ኬንያውያን አቤት አሉ፤ ውጤቱ አልተለወጠም።

ለአርቦዬ ይህ ዜና የደረሳት በሬዲዮ ነው። የጎረቤት ሬዲዮ፣ ባትሪው ሲደክም ፀሐይ ላይ የሚሰጣ ዓይነት። ኃይሌ ወርቅ አመጣ፣ አበቃ። ስለ ጫማው ማን ነገረን? ቢነግሩንስ ማን ይሰማል? ያ ወርቅ ለኃይሌ ከአራት ተከታታይ የ10 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮና ወርቆች የመጀመሪያው ነበር፤ እኛ የቆጠርነው ወርቁን ነው። ምስሉን ያየሁት ጎልምሼ ነው። መጀመሪያ ሳይ ያን በአየር ላይ የሚበር ጫማ አይቼ ሳቅሁ። ሁለተኛ ሳይ ሳቄ ጠፋ። ታኑይ ወደ ኋላ ዞሮ ያየበት ቅጽበት አለች፤ ያቺ ፊት የማውቃት ፊት ናት። ችካሉ ሥር ወድቆ ቀና ብሎ ያየኝ ልጅ ፊት ናት።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። የትራፊክ ፖሊስ ቢጠራ ኖሮ ነገሩ በሁለት ደቂቃ ያልቅ ነበር፤ ከኋላ የነካ ጥፋተኛ ነው። የፊተኛው በማጅራቱ ዓይን የለውም፤ ርቀት መጠበቅ የተከታዩ ግዴታ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የኃይሌ ነው። ሆን ብሎ ነው አልልም፤ ሰው ወርቅ ሊወስድ እየሮጠ የሰው ተረከዝ ልርገጥ ብሎ አያነጣጥርም፣ ረግጦ ሊወድቅ የሚችለው ራሱ ነው። ወርቁ ይነጠቅ ነበር ወይ? አይመስለኝም። ታኑይ ከተነካ በኋላ መራቁም ይመዘናል። ግን ጥፋትና ቅጣት አንድ አይደሉም፤ ያልተቀጣ ሁሉ ያላጠፋ አይደለም። እኛ አርሲዎች ይህችን ልዩነት በ1985 መማር ነበረብን። አልተማርንም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ደግ ነበሩ። መስከረም 15 ቀን 1993 ሲድኒ ላይ ኃይሌና ፖል ቴርጋት የመጨረሻውን ኩርባ ተከታትለው ወጥተው፣ ቀጥታውን ጎን ለጎን ገጥመው ሲሮጡ ክርን ለክርን አልተነካኩም። ኃይሌ ያሸነፈው በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ነው፤ 27:18.20 ለ 27:18.29። አቤቱታ የለ፣ ስሞታ የለ። ያን ቀጥታ በዓይኑ ያየ ሰው ሁለት ሰዎች እስከ ሞት እየተፎካከሩ ተከባብረው መሮጥ እንደሚችሉ ያምናል። ነሐሴ 14 ቀን 1996 አቴንስ ላይ ደግሞ በኩርባ ታሪክ ብዙም ያልታየ ነገር ሆነ። ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን መም ላይ እየመሩ ወደ ኋላ እየዞሩ ኃይሌን ይፈልጉት ነበር፤ እግሩን ታሞ ወደ ኋላ ቀርቷል። ቀዝቀዝ አሉለት። ሊደርስባቸው አልቻለም። ከዚያ በኋላ ነው ሁለቱ ጥለው የሄዱት፤ ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር፣ ኃይሌ አምስተኛ። የበቆጂ ልጅ ለአሰላው ታላቁ ፍጥነት ሲቀንስ! ስፖርት ነው ወይስ የጓዳ ነገር? ሁለቱም። በ2002 ደግሞ ደራርቱ፣ በ37 ዓመቷ፣ ኒው ዮርክ ማራቶን ላይ የምትፎካከራት ፓውላ ራድክሊፍ እግሯ ሲያነክስ እየዞረች ስታበረታታት፣ ነይ ስትላት ታየች፤ ራሷም አሸነፈች።

ይህን ሁሉ እያየን ነው ራሳችንን እንደ ጨዋ ሕዝብ የቆጠርነው። ፈተናው የመጣው ሁለቱም ወገን የእኛ ሲሆን ነው።

ሲፋን ሐሰን የተወለደችው አዳማ ነው፤ ከአሰላ 75 ኪሎ ሜትር ያህል። በ15 ዓመቷ በስደት ሆላንድ ገባች፣ በ2006 ዓ.ም. ዜግነት አገኘች፣ ከዚያ ወዲህ የምትሮጠው በብርቱካንማ ማሊያ ነው። ነሐሴ 13 ቀን 2015 ቡዳፔስት ላይ የ10 ሺህ ሜትር የመጨረሻው ቀጥታ ላይ ሲፋን ትመራለች፣ ጉዳፍ ፀጋይ በውጭ በኩል ደርባ መጥታለች። 30 ሜትር ገደማ ሲቀር ክንድ ለክንድ ተነካኩ፤ ሲፋን ተንገዳገደች፣ በግንባሯ ተደፋች። ጉዳፍ፣ ለተሰንበት ግደይ፣ እጅጋየሁ ታዬ፤ ሦስቱም ሜዳሊያ ወደ እኛ መጣ። ያን ዕለት አገር ምድሩ ጨፈረ። «ማን ነካ?» ያለ ሰው አልሰማሁም። እኔም አላልኩም።

በዓመቱ ፓሪስ ኦሊምፒክ ነው። ሐምሌ 29 ቀን 2016 በሴቶች 5 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ጉዳፍና ኬንያዊቷ ፌዝ ኪፕዬጎን ሁለት ዙር ያህል ሲቀር ተጋፉ። ሁለቱም እጅ አንስተዋል፤ እኔ ያየሁት ይህን ነው። ቤያትሪስ ቼቤት አሸነፈች፣ ኪፕዬጎን ሁለተኛ፣ ሲፋን ሦስተኛ። ዳኞቹ መጀመሪያ ኪፕዬጎንን አደናቅፈሻል ብለው ከውጤት ሰረዟት፤ ሲፋን ባለ ብር ሆነች። ኬንያ ይግባኝ አለች፣ ይግባኙ ተሰማ፣ ብሩ ወደ ኪፕዬጎን ተመለሰ። ባርሴሎና ላይ አዲስ አበበ እንደሆነው ሁሉ ሲፋንም ለጥቂት ሰዓት ብር ይዛ ወደ ነሐስ ወረደች። ጉዳፍ ዘጠነኛ ወጣች።

ከስድስት ቀን በኋላ፣ እሑድ ነሐሴ 5፣ አርቦዬ ነበርሁ። ክረምት ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ቴሌቪዥን ያለበት ሻይ ቤት ሞልቶ ሰው በር ላይ ቆሟል። ከረፋዱ 5 ሰዓት አልፏል። የሴቶች ማራቶን ወደ ማብቂያው ነው። ሲፋን በዚያ ሳምንት በ5 ሺህና በ10 ሺህ ነሐስ ወስዳለች፤ ማጣሪያው ሲጨመር በአጠቃላይ 62 ኪሎ ሜትር ላይ እያለፈች ነው። ከፊቷ ትግስት አሰፋ አለች፤ ከዓመት በፊት በርሊን ላይ በ2:11:53 የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረችው፣ ጥንት የ800 ሜትር ሯጭ የነበረችው ትግስት። የ800 ሯጭ መሆኗን ልብ በሉ፤ ግፊያን የማታውቅ ሰው አይደለችም። ሲፋንም የ1,500 ሰው ናት።

ለመጨረሻው ጥቂት መቶ ሜትር ሲቀር መንገዱ ይታጠፋል። ሲፋን በውስጥ በኩል፣ በትግስትና በብረት አጥሩ መካከል ባለው ክፍተት ገባች። ትግስት ወደዚያው ጎን ተጠጋች። ክፍተቱ ጠበበ። ክርን ተነሳ፤ የማን ክርን ቀድሞ እንደተነሳ በዚያ ቅጽበት ማንም አላየም። ትከሻ ለትከሻ ተላተሙ። ሲፋን በጠባቧ ቀዳዳ ሾልካ ወጣች። 2:22:55፣ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን። ትግስት 2:22:58።

ሻይ ቤቱ ለአፍታ ጸጥ አለና በአንድ ጊዜ ተንጫጫ።

«ገፍታታለች! እዩ እንጂ፣ ገፍታታለች!» አለ በሩ ላይ የቆመ ወጣት።

«ትግስትስ መንገድ አልዘጋችም?» አለች ሻይ የምትቀዳው ልጅ፣ ትሪውን እንደያዘች።

«አንቺ ደግሞ ለማን ነሽ?»

«ለማንም አይደለሁም። ያየሁትን ነው።»

ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡ ሽማግሌ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ያቺኛዋስ የማን ናት?» ብለው ጠየቁ። «ሲፋን የሆላንድ ናት፣ ጋሼ» አላቸው ወጣቱ። «ስሟ ግን የእኛ ነው» አሉና ዝም አሉ። መብራት ጠፋ። ሰው ሁሉ ስልኩን አወጣ፤ ምሽት ሳይደርስ ያቺ የሦስት ሰከንድ ምስል በዝግታ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ እየተተለቀች በየእጁ ነበረች። የታኑይ ጫማ ላይ 30 ዓመት ያልፈረድን ሰዎች የትግስት ትከሻ ላይ በአንድ ከሰዓት ፈረድን።

የኢትዮጵያ ቡድን አቤቱታ አስገባ፤ ይግባኝ ሰሚዎቹ አልተቀበሉትም። ትግስትም ባትገፋኝ ወርቁ የእኔ ነበር የሚል ሐሳብ ለጋዜጠኞች ተናገረች። ከእሷ ይህ አይደንቅም፤ እኔም ችካሉ ጋ «ገፋኝ» ብያለሁ።

መኪናው ሰፈር ለዚህ ዓይነት ነገር መለኪያ ለማውጣት ብዙ ደክሟል። በፎርሙላ ዋን የቅርብ ዓመታት መመሪያ በውስጥ የሚገባው ሾፌር ቦታ ይገባኛል ለማለት ኩርባው አናት ላይ ሲደርስ የፊት ጎማው አክሰል ቢያንስ ከተቀናቃኙ መስተዋት ጋር እኩል መሆን አለበት። ያ ከሆነ ሌላው ቦታ መተው ግዴታው ነው። ካልሆነ ገቢው ራሱ ይታቀብ። በሐምሌ 2013 ሲልቨርስቶን ላይ ሉዊስ ሃሚልተንና ማክስ ቨርስታፐን በከፍተኛ ፍጥነት ኩርባ ላይ ሲላተሙ ጥፋቱ በውስጥ ገቢው በሃሚልተን ላይ ወድቆ 10 ሰከንድ ተቀጣ፤ ሆኖም ውድድሩን አሸነፈ። ሯጭ አክሰልም መስተዋትም የለውም። ቢሆንም ነገሩን ወደ ሰው ገላ ብንመልሰው ጥያቄው አይጠፋም፤ ክፍተቱ ሲፋን ስትገባ ነበረ ወይ? ነበረ። ትከሻዋ ከትግስት ትከሻ ጋር እኩል ደርሷል ወይ? ደርሷል። ከዚያ በኋላ የሚዘጋው ሰው አደጋውን ይወስዳል። የሩጫ ሕግ ደግሞ ንክኪ ብቻውን ጥፋት ነው አይልም፤ አግባብ ያልሆነ ጥቅም ያስገኘ ወይም የሌላውን ጉዞ ያሰናከለ ሲሆን ነው የሚያስቀጣው። ሁለቱም ክርን አንስተዋል፣ ሁለቱም በእግራቸው ቆመው ጨርሰዋል። ይግባኝ ሰሚዎቹ ትክክል ነበሩ፤ ይህን ስል አርቦዬ ውስጥ ሻይ የሚጋብዘኝ ሰው እንደማይኖር አውቃለሁ።

ቡዳፔስት ላይ ሲፋን ስትደፋ ያልጠየቅነውን ፓሪስ ላይ ትግስት ስትሸነፍ ጠየቅን። ሽቱትጋርት ላይ ኃይሌ ሲረግጥ የተሳቀበት ጫማ ኬንያዊ ረግጦ የእኛ ጫማ ቢሆን ኖሮ በየትምህርት ቤቱ ይተረክ ነበር። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ፣ ያን የነሐሴ 1985 ምስል ፈልጋችሁ ከመጨረሻው ዙር ደወል አንስታችሁ ተመልከቱት፤ የኃይሌን ፊት ትታችሁ የታኑይን እግር ተመልከቱ።

ትግስትና ሲፋን በሚያዝያ 19 ቀን 2017 ለንደን ላይ እንደገና ተገናኙ። ትግስት በ2:15:50 ገባች፤ ሴቶች ብቻ በሚሮጡበት ማራቶን በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን። ሲፋን ሦስተኛ ናት፣ ከሦስት ደቂቃ በላይ ዘግይታ። የመጨረሻውን ኩርባ ትግስት ብቻዋን ታጠፈችው።